አባቴ አልዩ አምባን ሲያይ

አባቴ ሐኪም ቤት ረግጦ አያውቅም። ይህ በቤታችን የሚነገረው እንደ ማዕረግ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ፣ "ሽበቱን አትዩ፤ ገላውን መርፌ ነክቶት አያውቅም" ትላለች። አባቴም ምስጋናውን ለፈጣሪ እንደሚያስተላልፍ ሰው ዐይኑን ወደ ጣሪያው ያነሣል።

የደብራችን ቄስ ነው። ቤታችን ከአንኮበር ወረድ ብሎ፣ ቆላውን ቁልቁል በሚያይ አፋፍ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም የመኪናው መንገድም ያሉት ከላይ ነው። ስለዚህ አባቴ የትም ለመሄድ ዳገት መውጣት አለበት፤ ዕድሜውንም ሙሉ ወጥቶታል። ዘንድሮ ለገና ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ አብሬው ስወጣ ግን መንገድ ላይ ቆመ። መቋሚያውን ቆላው ላይ ወዳለችው ከተማ ዘርግቶ፣ "እስቲ አልዩ አምባን እንያት፤ ዛሬ ጥርት ብላለች" አለ። ዞሬ አየሁ። እውነትም ጥርት ብላለች። ጥቂት ሄድን፤ እንደገና ቆመ። "ከዚህ ደግሞ ይበልጥ ታምራለች" አለ። አየሁ፤ እንደ ቅድሙ ናት። አባቴ በስተርጅናው የአገር ውበት የገባው መስሎኝ ደስ አለኝ።

በማግስቱ አገሩን ጉም ዋጠው። ከፊታችን ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም። አባቴ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ፤ መቋሚያውን ጉሙ ውስጥ ሰደደና፣ "አልዩ አምባ ዛሬ ጥርት ብላለች" አለ።

ያን ጊዜ ፈራሁ።

ቤት ገብተን ማጅራቱን ሲያሽ አየሁት። "ብርድ ነው" አለ።

"አባዬ፣ ደብረ ብርሃን ሄደን የደም ግፊትህን እንለካ።"

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። "የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንዲህ ካስፈራራችን፣ የጨረሰች ዕለት ልትቀብረን ነው።"

እናቴ ሳቀች። እኔም ልጅ ነኝና ሳቅሁ። ሲለቀን ግን እንደገና ጠየቅሁት፤ "ከጥምቀት በኋላ" አለ። ከጥምቀት በኋላ ስደውል "ሁዳዴ ይግባና" አለ። ሁዳዴ ሲገባ "በጾም ሐኪም ቤት ይኬዳል እንዴ? ከፋሲካ በኋላ" አለ። የቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ለሁሉም ነገር ቀን አለው፤ ለሐኪም ቤት ግን ክፍት ቀን አላገኘሁበትም።

እኔ በዚህ መሃል ደብረ ብርሃን ውስጥ የልብ ጤና አስተማሪ ሆኜ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ስለ ልብ ጤና የሚያስተምር የተማሪዎች ክበብ አለ። እኔ ፍሬሽ ነኝ፤ "ፈቃደኛ ማነው?" ሲባል እጄ ከጥያቄው ቀድሞ ይነሣል። የክበቡ ኃላፊ የሆኑት መምህር ይህን ጠባዬን ወዲያው አወቁት። መጀመሪያ ፖስተር አሳሉኝ። አደገኛውን የግፊት መጠን በቀይ፣ መካከለኛውን በቢጫ፣ ደህናውን በአረንጓዴ ቀለም ቀባሁ። ቀጥሎ ስብሰባ ጠሩን።

"ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎቻችን" አሉ መምህር፣ "ከቤተሰብ ርቀው፣ ያለ ተቆጣጣሪ የሚኖሩ ናቸው። ያገኙትን ይበላሉ፤ አይንቀሳቀሱም፤ ይጨነቃሉ። ልባቸው የእኛ አደራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ አንድ የውጭ ተማሪ ትይዛላችሁ።"

አጨበጨብን። ለስላሳና ቦምቦሊኖ ታደለ። እኔ ሁለት ቦምቦሊኖ በላሁ፤ ሁለተኛው የተረፈ ስለነበርና መምህር "ብዪ እንጂ፣ ምነው አፈርሽ?" ስላሉኝ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ መምህር ከአዳራሹ እስከ ቢሮአቸው በባጃጅ ሄዱ። መንገዱን ለሚያውቅ፣ ባጃጁ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ በእግር ከመሄድ ይረዝማል።

ለእኔ የደረሰችኝ ከጁባ የመጣች የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። አማርኛዋን ዶርም ውስጥ ነው የለመደችው፤ ትቸገራለች ብዬ አንዳንድ ነገር በምልክት ለማስረዳት ተለማምጄ ነበር። ብስኩት ይዤ በጠዋት ሄድኩ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነው። እሷ በቱታዋ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደርባ ከዶርም ስትወጣ ደረስኩባት።

"ከክበቡ ነው የመጣሁት" አልኳት። "ስለ ጤናማ አኗኗር ላስተምርሽ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ጥሩ። እየሄድን አስተምሪኝ።"

ከዋናው በር ወጥተን አስፋልቱን ያዝን። ረጅም ናት፤ እሷ አንዴ ስትራመድ እኔ ሁለቴ እራመዳለሁ። "የሰውነት እንቅስቃሴ" ብዬ ጀመርኩ፣ "ለልብ... በጣም... የደም ዝውውርን..." ከዚያ በላይ ቃል አልወጣ አለኝ። ቆምኩ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ ዞራ።

"ምንም። ኢንዱስትሪ ፓርኩን እያየሁ ነው።"

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁት። መንገዱ ደግሞ ዳገት እንኳ አልነበረውም።

እሷ በየጠዋቱ እንዲሁ እንደምትሄድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትም ሁሉ እንዲሁ ነበር። ካፌ አብረን ስንበላ እኔ ሽሮዬ ላይ ጨው ስነሰንስ እሷ የጨው ዕቃውን ወደ ሌላ ጠረጴዛ ትገፋዋለች። ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣለች። ፈተና ሲደርስ እንኳ በጊዜ ትተኛለች። እኔ ግን አደራዬን አልተውኩም፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ የምታደርገውን ነገር እንድታደርግ እመክራታለሁ። አንድ ቀን ስለ ቅባት እየነገርኳት ብስኩቴን ከእጄ ወሰደችና የማሸጊያውን ጀርባ አነበበችልኝ። አመሰገንኳት፤ ብስኩቱንም ጨረስኩት።

አልጋዋ ራስጌ በጨርቅ ከረጢት ያስቀመጠችው የግፊት መለኪያ አለ። ክንድ ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ የሚሠራ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪ ይህ ምን ያደርግላታል ብዬ ጠየቅኋት።

"አጎቴ ነው ያሳደገኝ" አለች። "ራሱን ያመዋል፤ ዳገት ያቅተዋል። ተለካ ስንለው ነገ ይላል። ሁልጊዜ ነገ። ከዚያ ሠርግ ላይ እየጨፈረ ወደቀ። አልሞተም። ግን ግማሹ እሺ አይለውም። አሁን ስደውል እሱ ያዳምጣል እንጂ አያወራም።"

ስለ አባቴና ስለ አልዩ አምባ ነገርኳት፤ ስለ ጉሙም ነገርኳት። አልሳቀችም።

"አምጪው።"

"አይመጣም።"

"እንግዲያውስ እኛ እንሂድ።"

ይህ ለእኔ አልታየኝም ነበር። አባቴ ለልጁ እምቢ ይላል፤ ለሚስቱ እምቢ ይላል፤ አንድ ጊዜ ለሊቀ ካህናቱም እምቢ ብሏል። ቤቱ ለገባ እንግዳ ግን እምቢ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ፋሲካ ደግሞ ቀርቧል። ለመምህር የውጭ ተማሪዋን ገጠር ወስጄ ስለ ጤናማ ምግብ በተግባር ላስተምራት እንደሆነ ነገርኳቸው። "ይህ ነው ተነሣሽነት!" አሉኝ።

ቅዳሜ ከመናኸሪያው በሚኒባስ ሄድን። አባቴ የሌሊቱ ቅዳሴ ስላለበት ቤት የደረሰው እሑድ ንጋት ላይ ነው። እናቴ ለጾመኞቹ አንጀት ማለስለሻ ተልባ አቀረበች፤ ከዚያ ዶሮው መጣ። ቅቤው ከወጡ በላይ እንደ ሌላ ወጥ ተኝቷል። የእኔ እንግዳ ጥቂት በላችና እጇን ሰበሰበች።

"ምነው፣ የኔ ልጅ?" አለች እናቴ።

"ጠገብኩ፣ እማማ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"በዚህ? በሞቴ! ይቺን ብቻ!" የእናቴ ጉርሻ ከእጇ ይበልጣል።

ጎረሰች። እናቴ ሌላ ጠቀለለች። "በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል!"

ጎረሰች። እንባዋ መጣ። እናቴ ሦስተኛውን ማዘጋጀት ስትጀምር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"በሞቴ ምንድነው?"

"ካልበላሽ ልሙት ማለት ነው።"

"ካልበላሁ እናትሽ ይሞታሉ?"

"አይ፣ አትሞትም። ግን እንዲህ ከተባለ እምቢ አይባልም።"

የቀረበላትን ቅቤ አየችው። "ለዚህ ነው ሰው የሚምለው?"

አባቴ በየሰንበቱ ስለ መሐላ ያስተምራል፤ "አትማሉ፤ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን" ይላል። በማዕድ የሚማለውን ግን ጆሮው አይሰማም። እናቴ በዚያች ጠዋት ብቻ ስንት ጊዜ ለመሞት እንደቆረጠች ቆጥሮ የሚጨርስ የለም፤ እሱ ግን ጢሙን እየጠራረገ አይቡን ይበላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። እንግዳዬ ከረጢቷን ፈታች። መጀመሪያ እኔን ለካችኝ፤ ቀጥሎ እናቴን። ሁለታችንም ደህና ነበርን። የጎረቤታችን አሮጊት ክንዳቸውን ገልጠው ተጠጉ።

"እኔን ለኪኝ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ። ስንት ዓመት እንደቀረኝ ንገሪኝ።"

"ይህ ዓመት አይናገርም፣ እማማ።"

"አይናገር ግድ የለም፤ ብቻ ልጆቼ ፊት ብዙ ነው በዪልኝ። ርስቱን ሊካፈሉ ቸኩለዋል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴም ሳቀ። እንግዳዬ ወደ እሱ ዞረች።

"አባባ፣ የእርስዎ ተራ ነው።"

"እኔ ደህና ነኝ፣ ልጄ። እኔን ሐኪም አያውቀኝም።"

"የእርስዎን ዶሮ በላሁ። ካቅሜ በላይ በላሁ" አለች። "እኔ የምፈልገው ክንድ ብቻ ነው።"

"እውነቷን ነው፣ አባ!" አሉ አሮጊቷ። "እናንተ በጉርሻ ያስጨነቃችኋትን ያህል አላስጨነቀችዎትም።"

አባቴ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ሰው እሱን ያያል። እጅጌውን ሰበሰበ። መሣሪያው ክንዱ ላይ ተነፋ፤ አጉረመረመ፤ ፀጥ አለ። እንግዳዬ ቁጥሩን አይታ መሣሪያውን ቶሎ አጠፋችው። "ከምግብ በኋላ ልክ አይደለም፤ ጠዋት እንደገና እንለካለን" አለች። ጎረቤቶቹ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። እኔ ግን ቁጥሩን አይቼው ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንግዳዬ አባቴን፣ ምንም ሳይቀምስ፣ አስቀምጣና አሳርፋ ለካችው። ከትናንቱ ብዙም አይለይም። ፖስተሩን የቀባሁት እኔ ነኝና የቱ ቀለም ላይ እንደሚወድቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

"አባዬ፣ ዛሬ አብረኸን ደብረ ብርሃን መሄድ አለብህ" አልኩ። ከዚያ ያወቅሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ ደም ሥር ግድግዳ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ አንጎል። በክበቡ እንዲህ ተናግሬ ቢሆን ተጨብጭቦልኝ ነበር። አባቴ የአዲስ ዲያቆን ንባብ እንደሚሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

"ጎበዝ። ደህና አድርገሽ ተምረሻል" አለኝ። "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እናየዋለን።"

እናቴ በዚህ መሃል ለመንገደኞች ፍርፍር ይዛ ገባች። እኔ እንደ ደንቡ እጄን ሰደድኩ። እንግዳዬ አልነካችም።

"ምነው? ብዪ እንጂ! በሞቴ!" አለች እናቴ።

እንግዳዬ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ አባቴ ዞረች።

"አባባ፣ በሞቴ። ዛሬ ከእኛ ጋር ይሂዱ።"

የእናቴ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። በቤታችን ያ ቃል ለምግብ ነው የሚወጣው። ለሐኪም ቤት ሲወጣ ማናችንም ሰምተን አናውቅም።

"ልጄ" አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ "ይህን አፍሽ አይልመድ። እንግዳ ነሽ፤ ምን እንዳልሽ አታውቂም።"

"አውቃለሁ። ልጅዎ ትናንት ነገረችኝ። ካልሄዱ ልሙት ማለት ነው። እምቢ አይባልም አለችኝ።"

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ፍርፍሩን አየሁ።

"አንሺው" አላት። "መሐላሽን አንሺ።"

"ሄደው ሲድኑ አነሣለሁ።"

"ወይ ጉዴ!" አለች እናቴ። "አገሯን ጥላ የመጣች ልጅ በቤቴ ሞቷን ትጥራብኝ? ተነሥ እንጂ አንተ ሰውዬ!"

"አንቺ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ስትሞቺ ውለሻል" አለ አባቴ፤ "ማን ደነገጠ?"

"የእኔ የወግ ነው! የእሷ የምር ነው፤ ፊቷን አታየውም?"

አባቴ ፊቷን አየው። እኔም አየሁት። ያቺ ልጅ ቃሉን ከተማረችው ገና አንድ ቀኗ ነው፤ እንደ እኛ በአፏ ሲገላበጥ አልለዘበባትም። ስለ አጎቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። አባቴም ስለ አጎቷ ምንም አያውቅም ነበር። ያም ሆኖ ጋቢውን ከመስቀያው አወረደ።

"ብዪ እንግዲህ" አላት። "ባዶ ሆድሽን ዳገት አትወጪም።"

በላች።

ወደ መኪናው መንገድ ስንወጣ ጉሙ እስከ እግራችን ወርዷል። አባቴ የተለመደው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። መቋሚያውን ወደ ቆላው አነሣ። እንግዳዬ አጠገቡ መጥታ እሱ ወደሚያይበት አየች።

"ምን እያዩ ነው፣ አባባ?"

አፉን ከፈተ። አልዩ አምባ ምላሱ ላይ ነበረች፤ እኔ እምላለሁ። ጉሙን አየው፤ ልጅቷን አያት፤ መቋሚያውን መለሰና ተደገፈው።

"ምንም አይታይም" አለ። "ትንፋሼ እስኪመለስ ነው።"

እሷም ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "እሺ። የእኔም እስኪመለስ" አለች፤ የእሷ ግን ከመነሻውም የትም አልሄደም ነበር።

ደብረ ብርሃን የመረመረው ሐኪም ወጣት ነው። ቁጥሩን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። "አባ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?"

"ቤተ ክርስቲያን" አለ አባቴ።

ኪኒን ታዘዘለት። ጨውና ቅቤ ይቀንሱ ተባለ። በየቀኑ ሳያቋርጥ እንዲውጥ፣ በወሩም ተመልሶ እንዲታይ ተነገረው። ሐኪሙ፣ "በደህና ጊዜ ነው የመጡት፤ ማን አመጣዎት?" ሲለው አባቴ ወደ በሩ አመለከተ። ሐኪሙ እኔን አይቶ "ጎበዝ!" አለኝ። አባቴ ያመለከተው ከኋላዬ የቆመችውን እንግዳዬን ነበር፤ ለማረም ስዘጋጅ ቀጣዩ በሽተኛ ገባ።

በዓመቱ መጨረሻ ክበቡ የምስክር ወረቀት ሰጠ። "የውጭ አገር ተማሪን አኗኗር በመለወጥ ላደረገችው የላቀ አስተዋፅኦ" ተብሎ ስሜ ተጠራ። ወጣሁ፤ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አኗኗሯ የተለወጠው እንግዳዬ ከመጨረሻው ረድፍ ቆማ አጨበጨበችልኝ። ቦምቦሊኖ ሲታደል የእሷን ድርሻ ለእኔ ሰጠችኝ፤ በዚያ ቀን እምቢ ለማለት ጥንካሬው አልነበረኝም።

አባቴ ኪኒኑን ይውጥ ይሆን ብዬ ሳልተኛ የማድርባቸው ቀናት ነበሩ። የእናቴን ቅቤ አውቀዋለሁ፤ የእሱንም "ከበዓሉ በኋላ" አውቀዋለሁ። አሁን ግን በየጠዋቱ ራሱ ይደውላል። ስለ ልቡ ብጠይቀው "ልቤ የእግዚአብሔር ነው" ብሎ ያልፈኛል፤ ስለ ደም ሥሩ ያስተማርኩትን ሁሉ ረስቶታል። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ያቺ ልጅ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ አባዬ።"

"አላመማትም?"

"ኧረ ምንም አልሆነችም።"

ውሃ ሲጎነጭ ይሰማኛል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"በይ ዛሬም ውጫለሁ በያት። በእኔ ምክንያት እንዳትሞት።"